የሽፋኑ ውስጥ ገጽ

በካንሳስ ምዕራብ፣ ዛፍ በማይበቅልበት፣
አያቶቻችን አጥር ያጠሩበት
የድንጋይ ምሰሶ ቆሟል በየመስኩ፤
የዛጎል ጠባሳ ይነበባል መልኩ።
ባሕሩ ከኛ ሺህ ማይል ይርቃል፤
ምሰሶው ግን ባሕር ያውቃል።
ላም ትታከክበታለች፣ ሽቦ እናስርበታለን፤
ሌላ ምን እናድርገው? ሥራ አለን።

እኔ ሜርል ነኝ፤ የትምህርት ቤቱ ጽዳት።
ሠላሳ አንድ ዓመት መስኮት ወልውያለሁ፤
ቦይለሩ ሲያቃስት የቱ ጋ እንዳመመው በጆሮዬ አውቃለሁ፤
እሑድ ደግሞ፣ ከኋላ ወንበር፣ በሻካራ ድምፄ እዘምራለሁ።

ስብሰባው ሐሙስ ማታ ነበር፣ ከቅርጫት ኳሱ ቀለበት ሥር፤
ሁለት መቶ ወንበር ደርድሬ አልበቃም፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ነበር።
ከሩቅ ከተማ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ማንም የማያውቃቸው ሦስት ሰዎች መጥተዋል፤
ውሳኔውን ጽፈው፣ አራት ነጥቡን ሳይቀር ነጥበው ይዘዋል፤
የኛ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ራሳቸውን ነቅንቀዋል።

ለተናጋሪ ሦስት ደቂቃ፤ ሲያልቅ ቀይ መብራት።
ፓስተር ዱዌን ተነሣ፤ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ
«ልጄን የላክኋት ፊደል ልትቆጥር ነው፣
እምነቷን ልትጥል አይደለም» ብሎ ተናገረ።
ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሱ እንዲህ ነው።
ኦፓል የሞተችብኝ ጊዜ፣ ጥር ነበር፣ መሬቱ ብረት፤ ማሽኑ አልቆፍር አለ፤
ዶማ ይዞ መጣ፣ ካፖርቱን በረዶው ላይ ጣለ።
አብሮኝ መቃብር የቆፈረን ሰው
እንዴት ብዬ ልክሰሰው?

መምህርት ቬርኔል ዛጎል ይዛ ቀረበች፤
ከገዛ አባቷ አጥር በመዶሻ ፈልቅቃ ያመጣች።
«ይሄ እኮ» አለች፣ «ይሄ እኮ እዚሁ…»
ቀዩ በራ።
ዛጎሏን ጨብጣ ተቀመጠች፣
ገበያ ወስዳ ሳትሸጠው እንደመጣች።

አራት ለሦስት። አራተኛው እጅ የትራክተር ነጋዴው የዌስሊ ነው፤
ግማሽ ድረስ ወጣ፤ ቆመ፤ ሚስቱን አየ፤
ከዚያ ጣራ ሊነካ ተሰቅሎ፣ እንደዚያው ቆየ።

ሦስት ካርቶን ተለጣፊ በሳምንቱ መጣ።
ትርፍ ሰዓት ይከፈልሃል አሉኝ፤ እሺ አልኩ፤ ከየት ሌላ ገንዘብ ይምጣ?
«ከሽፋኑ ውስጥ ገጽ፣ መሐል ላይ ይለጠፍ» ይላል ትእዛዙ።
ጽሑፉ አጭር ነው፦
ስለ ሕይወት አመጣጥ እዚህ ያለው የአንዳንዶች ሐሳብ ነው፤
የቀረውን ወላጅህን ጠይቅ።

ማታ ብቻዬን ቤተ መጻሕፍት ተቀመጥኩ።
መላጥ፣ ማሳረፍ፣ በመዳፍ ማሸት።
ድሃ ወረዳ ነን፤ መጽሐፍ አይለወጥም፤
የተማሩበት ልጆች ስም በተርታ ወርዶ ውስጥ ገጹን ሞልቶታል፤
ተለጣፊው ስንቱን እንደሸፈነ እግዜር ይቁጠረው።
ዘጠና ሰባተኛው ላይ እጄ ቆመ።
ኬንድራ።
የኔዋ ኬንድራ፤ የመጀመሪያዋ ፊደል እግሯ ረዝሞ፣
እንደ ልማዷ ከመስመሩ ወጥቶ።

አንድ ማታ፣ ዐሥር ዓመቷ ሳለ፣
ጣቷን ከምሰሶው ስንጥቅ ከትታ
«አባዬ፣ ባሕሩ የት ሄደ?» አለችኝ።
ወላጇን ጠየቀች።
ወላጇም፦ «በሩን ዝጊ፣ ጥጆቹ እንዳይወጡ።»
አሁን ኦሪገን፣ ውቅያኖሱ አጠገብ ነው የምትኖረው፤
ለገና ካርድ ትልክልኛለች፤
ከስሟ በቀር ምንም አትጽፍበትም።

ተለጣፊው አውራ ጣቴ ላይ ተጣብቆ ቆየ።
ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ እንጀራዬም እዚያው ነው።
ለጠፍኩት፤ መሐል ላይ ግን አይደለም፤
ወደ ጥግ፣ ተንጋዶ፣ ጫፉ ከገጹ ተርፎ፤
የሚከፍተው ልጅ «ሰክሮ ነው የለጠፈው» ይበል።

ዘጠና ስምንተኛው ላይ የማላውቀው ልጅ ስም ነበር።
መሐል ላይ ለጠፍኩት።